ጠባቂውን የሚጠብቅ መሣሪያ፦ የጤና ሠራተኞች ዲጂታል ክትትልና የቤተሰብ ምሥጢር

ባሕር ዳር፦ ማሽላው እሸት ሲይዝ አርሶ አደሩ በማሳው መካከል ማማ ይሠራል። ማማው ላይ የሚወጣው ጠባቂ ወንጭፉን ይዞ ሰብሉን ከወፍና ከዝንጀሮ ይከላከላል። ጠባቂው ነቅቶ መዋሉ የሚታወቀው ማማው ላይ ስንት ሰዓት እንደተቀመጠ በመቁጠር ሳይሆን፣ በመኸር ጊዜ አውድማው ላይ በሚገኘው ምርት ነው። ባለማሳው ጠባቂውን መቆጣጠር ሲሻ ወደ ማማው ብቅ ብሎ ያያል፣ ያነጋግረዋል፤ ከዚያ ያለፈ መሣሪያ አልነበረውም።

ዛሬ በገጠር ቀበሌዎች የማኅበረሰቡን ጤና እንዲጠብቁ የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ጉዳይ ከዚህ ይለያል። በእጃቸው የሚይዙት ታብሌት የእናቶችን የእርግዝና ክትትል፣ የሕጻናትን ክትባትና የቤተሰቡን የመጸዳጃ ቤት ሁኔታ ይመዘግባል። በዚያው ልክ ባለሙያዋ ራሷ መቼ ሥራ እንደጀመረች፣ ስንት ቤት እንደጎበኘች፣ መረጃውንም መቼ እንደላከች ሊናገር ይችላል። አንዱ መሣሪያ ታካሚውንም አካሚውንም ይመለከታል ማለት ነው። ከኀላፊው ዐይን ርቆ የሚሠራን የጤና ሠራተኛ እስከምን ድረስ መከታተል ይገባል? በዚህ ክትትል መካከል የቤተሰቡ ምሥጢር የት ይደርሳል? የሚሉት ጥያቄዎች የሚነሡትም ከዚህ ነው።

ከፎልደር ወደ ታብሌት

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በኢትዮጵያ የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። አስረኛ ክፍልን ያጠናቀቁ ወጣት ሴቶች የአንድ ዓመት ሥልጠና እየወሰዱ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ። አንድ ጤና ኬላ በአማካይ 5 ሺህ ለሚጠጋ ሕዝብ እንዲያገለግል ታሰበ። በመጀመሪያ 16 የነበሩት የአገልግሎት ፓኬጆችም ኋላ ወደ 18 ከፍ አሉ። ባለሙያዎቹ ቤት ለቤት እየዞሩ ስለ ንጽሕና፣ ስለ ወባ፣ ስለ ቤተሰብ ምጣኔ፣ ስለ ክትባትና ስለ እናቶች ጤና ያስተምራሉ፤ አገልግሎትም ይሰጣሉ።

የእያንዳንዱ ቤተሰብ ታሪክ ለብዙ ዓመታት ሲቀመጥ የኖረው በጤና ኬላው መደርደሪያ ላይ በሚገኝ የቤተሰብ ፎልደር ነው። ፎልደሩ ወረቀት በመሆኑ ለዝናብና ለአይጥ የተጋለጠ ነበር፤ ለመፈለግም ጊዜ ይወስዳል። ይሁን እንጂ አንድ ጥሩ ጠባይ ነበረው፤ ከጤና ኬላው ካልወጣ በስተቀር ሌላ ሰው ሊያነበው አይችልም።

ከ2010 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ጤና ሚኒስቴር የኤሌክትሮኒክ የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓትን ማስፋፋት ያዘ። ሥርዓቱ የመረጃ አብዮት ተብሎ የተሰየመው የጤናው ዘርፍ ዕቅድ አካል ነው። ታብሌቱ ኔትወርክ በሌለበት ቀበሌ መረጃ ይይዛል፤ ኔትወርክ ሲያገኝ ደግሞ የያዘውን ወደ ማዕከል ይልካል። ነፍሰ ጡሯ የቀጠሮዋ ቀን ካለፈ ባለሙያዋን ያስታውሳል። ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። በወረቀት ዘመን የተረሳች አንዲት እናት በታብሌት ዘመን ልትታወስ ትችላለች።

ክትትሉ ለምን አስፈለገ?

ከቅርብ ተቆጣጣሪ ርቆ የሚሠራ ሰው ሥራውን መሥራቱ በምን ይታወቃል የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ጥያቄውን የሚያነሡት የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶች ብቻም አይደሉም። የታመመ ሕጻን አዝላ ሁለት ሰዓት ተጉዛ ጤና ኬላው ተዘግቶ ያገኘች እናት ከማንም በላይ ትጠይቃለች። ያልተጎበኘ ቤት ተጎብኝቷል፣ ያልተከተበ ሕጻን ተከትቧል የሚል ሪፖርት ከተላከ ጉዳቱ በወረቀት ላይ አይቀርም። በኩፍኝ ወረርሽኝ ጊዜ በሕጻናት ገላ ላይ ይታያል። ለሚቀጥለው ዓመት የሚመደበው ክትባትና መድኃኒትም በዚያው የተሳሳተ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ ይሰላል።

ስለዚህ ክትትል ራሱ ጥፋት አይደለም። ሚዛን ያልጎበኘው ኩንታል ለሻጩም ለገዢውም አያስተማምንም። መታየት ያለበት ሚዛኑ የሚመዝነው ምንን እንደሆነና ሚዛኑን ራሱን ማን እንደሚፈትሸው ነው።

መሣሪያው የሚያየውና የማያየው

በመስክ ሥራ ላይ የሚውሉ የመረጃ መሰብሰቢያ መተግበሪያዎች በአጠቃላይ ከሚሞላው ቅጽ በተጨማሪ ሌሎች ነገሮችንም የመመዝገብ አቅም አላቸው። ቅጹ የተከፈተበትና የተዘጋበት ሰዓት፣ የሞላው ተጠቃሚ መለያና የመሣሪያው መለያ ከእነዚህ መካከል ናቸው። አሠሪው ከፈለገ ቅጹ የተሞላበትን ቦታ በጂ.ፒ.ኤስ. እንዲይዙ ማድረግም ይቻላል። እነዚህ መረጃዎች ተደምረው የአንድን ሠራተኛ ውሎ ይሥላሉ።

ሥዕሉ ግን ሙሉ አይደለም። ለአብነት በአንድ ቀን ሁለት ባለሙያዎች ለሥራ ወጡ እንበል። አንደኛዋ መንደሩ በተጠጋጋበት ሜዳ ላይ አሥር ቤቶችን ጎብኝታ አሥር ቅጽ ላከች። ሁለተኛዋ ገደል ወርዳ ወንዝ ተሻግራ የደረሰችው አንድ ቤት ብቻ ነው፤ እዚያም ደም የሚፈስሳት ወላድ አግኝታ ጎረቤት አስተባብራ በቃሬዛ ወደ መንገድ አወጣች፣ አምቡላንስም ጠራች። በሰንጠረዡ ላይ የመጀመሪያዋ አሥር፣ ሁለተኛዋ አንድ ናቸው። በቀበሌው ሰዎች ልብ ውስጥ ግን ቁጥሩ ሌላ ነው።

ኀላፊው ሰንጠረዡን ብቻ የሚያነብ ከሆነ ውሎ አድሮ ባለሙያዎቹ ወደሚቆጠረው ሥራ ያዘነብላሉ። ሩቁ ጎጥ ይረሳል፤ ረጅም ምክር የሚያስፈልጋት እናት በአጭሩ ትሰናበታለች። ክትትሉ የሐሰት ሪፖርትን ለማስቀረት ቢታሰብም፣ የቁጥር ጫናው ሌላ ዓይነት ሐሰት ሊወልድ ይችላል። ቅጹ በእውነት ይሞላል፤ በቅጹ ውስጥ የተሠራው ሥራ ግን ባዶ ይሆናል።

ሌላው ችግር የአካባቢው ሁኔታ ነው። የኤሌክትሪክ ኀይል በሌለበት ጤና ኬላ የታብሌቱ ባትሪ ሲያልቅ፣ ኔትወርክ ለቀናት ሲጠፋ፣ የሰኞ ሥራ ዐርብ ሊላክ ይችላል። ማዕከል ላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው ይህ ስንፍና ይመስላል። ታብሌትና ወረቀት ጎን ለጎን በሚሠራባቸው ቦታዎች ደግሞ ባለሙያዋ አንዱን ሥራ ሁለት ጊዜ ትጽፋለች፤ ለሁለተኛው ጽሑፍ የሚሄደው ጊዜ ግን በየትኛውም ሰንጠረዥ ላይ አይታይም።

የባሕር ማዶው ልምድ

ጉዳዩ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ በተለይ ከኮቪድ 19 ወረርሽኝ ወዲህ ሆስፒታል ሳይሄዱ ከመኖሪያ ቤታቸው ሆነው በስልክና በኮምፒውተር የሚሠሩ ነርሶች ተበራክተዋል። ታማሚን በስልክ ይመክራሉ፣ የመድን ድርጅቶችን የሕክምና ጥያቄዎች ይመረምራሉ፣ ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸውን ይከታተላሉ። በርቀት ሥራ ላይ የሚውሉ የክትትል ሶፍትዌሮች ሠራተኛው ኮምፒውተሩን የነካበትንና ያልነካበትን ደቂቃ ሊቆጥሩ፣ የሚከፍተውን ገጽ ፎቶ ሊያነሡ፣ አንዳንዶቹም በካሜራ ሊመለከቱት ይችላሉ።

እዚህ ላይ ተቃርኖ አለ። በአሜሪካ እ.አ.አ. በ1996 የወጣው ሂፓ የተሰኘው ሕግ የታማሚን መረጃ በጥብቅ እንዲጠበቅ ያስገድዳል። የታማሚን ማኅደር ማን መቼ እንደከፈተ መዝግቦ መያዝ ከዚህ ግዴታ የሚመነጭ ተገቢ ክትትል ነው። ምክንያቱም ያለ ሥራው የጎረቤቱን ማኅደር የሚከፍት ሰው ሊያዝ የሚችለው በዚህ መንገድ ነው። የነርሷን ገጽ በየጊዜው ፎቶ የሚያነሣ ሶፍትዌር ግን ነርሷን ለመጠበቅ ሲል የታማሚውን ስምና የሕመም ታሪክ አብሮ ያነሣል። ፎቶው የሚቀመጥበት ቦታና የሚያየው ሰው በጥብቅ ካልተወሰነ፣ ለጥበቃ የገባው መሣሪያ ራሱ የምሥጢር ቀዳዳ ይሆናል።

በዚያው ሀገር በየሰው ቤት እየሄዱ የሚረዱ ሠራተኞችም አሉ። በሰሜን አሜሪካ ከሚኖሩ ኢትዮጵያውያን መካከል በዚህ የእንክብካቤ ሥራ የተሰማሩ ጥቂት አይደሉም። እ.አ.አ. በ2016 የወጣ የፌዴራል ሕግ በመንግሥት የጤና መድን የሚከፈልባቸው የቤት ለቤት አገልግሎቶች በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲረጋገጡ አዟል። መመዝገብ ያለባቸውም ስድስት ነገሮች ናቸው፤ የአገልግሎቱ ዓይነት፣ ተቀባዩ፣ ሰጪው፣ ቀኑ፣ ቦታው፣ አገልግሎቱ የተጀመረበትና ያበቃበት ሰዓት። ዓላማው ያልተሰጠ አገልግሎት እንዳይከፈልበት ማድረግ ነው። ሕጉ ግን ቦታውን በጂ.ፒ.ኤስ. ብቻ መዝግቡ አይልም። ከተገልጋዩ ቤት ስልክ በመደወል ማረጋገጥን የመሰሉ ሌሎች መንገዶችም ይሠራሉ። የአካል ጉዳተኞች መብት ተሟጋቾች ሥርዓቱን ሲተቹ የቆዩበት ምክንያትም ለዚህ ርዕሰ ጉዳይ ቅርብ ነው። የረዳቱ ቦታ ሲመዘገብ የተረጂውም ውሎ አብሮ ይመዘገባልና።

በአውሮፓ ደግሞ ክትትል ልክ ሲያልፍ የሚያስቀጣ መሆኑ ታይቷል። የፈረንሳይ የግል መረጃ ጥበቃ ተቋም እ.አ.አ. በጥር 2024 ይፋ ባደረገው ውሳኔ የአማዞንን የፈረንሳይ የመጋዘን ድርጅት 32 ሚሊዮን ዩሮ ቀጥቷል። ምክንያቱ የሠራተኞቹ የመቃኛ መሣሪያ ሥራ የፈታበትን እያንዳንዱን ጊዜ በዝርዝር በመቁጠር እጅግ ጣልቃ የሚገባ ክትትል አድርጓል የሚል ነው። የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤትም እ.አ.አ. በ2017 አንድ ሮማንያዊ ሠራተኛ ባቀረበው ክስ፣ አሠሪ የሠራተኛውን የመልእክት ልውውጥ ሲከታተል አስቀድሞ ማሳወቁና መጠኑን መግለጹ ወሳኝ መሆኑን አመልክቷል። የኒውዮርክ ግዛትም ከግንቦት 2022 እ.አ.አ. ጀምሮ የኤሌክትሮኒክ ክትትል የሚያደርግ የግል አሠሪ ለአዲስ ተቀጣሪው በጽሑፍ እንዲያሳውቅና የተቀጣሪውን ማረጋገጫ እንዲይዝ ያስገድዳል።

የእነዚህ ሀገራት ኑሮና አሠራር ከገጠር ቀበሌ ጋር አይመሳሰልም። ትምህርቱ ግን ይመሳሰላል፤ ክትትል ይፈቀዳል፣ በድብቅ አይሁን፣ ከዓላማው አይለፍ።

የቤተሰብ ምሥጢር ጉዳይ

በገጠር ሰው ሁሉ ይተዋወቃል። በከተማ ስም ብቻ የሆነ መረጃ በቀበሌ ውስጥ ፊት አለው፤ የእገሌ ሚስት፣ የእገሌ ልጅ ይባላል። ለዚህም ነው የጤና መረጃ በገጠር ከከተማ የበለጠ ጥንቃቄ የሚሻው።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የወሊድ መቆጣጠሪያ መርፌ ይሰጣሉ። ከ2001 ዓ.ም. አንሥቶም በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀመጠውን የወሊድ መቆጣጠሪያ እንዲሰጡ መሠልጠን ጀምረዋል። ከባሏ ወይም ከአማቷ ደብቃ መርፌ የምትወስድ ሴት መኖሯ በገጠር እንግዳ ነገር አይደለም። ለዚች ሴት የባለሙያዋ አፍ መቆለፍ ትዳሯም፣ አንዳንዴም አካሏ የሚጠበቅበት ነገር ነው። የቲቢ መድኃኒት የሚወስድ፣ የኤች.አይ.ቪ. ምርመራ ያደረገ፣ በቤቱ ጥቃት የደረሰበት ሰውም እንዲሁ ነው።

እንግዲህ ታብሌቱ ያለ ይለፍ ቃል ከቤት ቢቀመጥ፣ አንዱ ይለፍ ቃል ለሁለት ሦስት ሰው ቢሰጥ፣ ወይም ሪፖርት መላኩን ለማሳየት ተብሎ የገጹ ፎቶ በቴሌግራም ቡድን ላይ ቢለጠፍ ምን ይከተላል? በቡድኑ ውስጥ ያሉ ሰዎች የዚያው ወረዳ ሰዎች ናቸው። ባለሙያዋ ሥራዋን መሥራቷን ለማስመስከር የለጠፈችው ፎቶ የአንዲትን ሴት ስም ከወሰደችው አገልግሎት ጋር ይዞ ሊወጣ ይችላል። ኀላፊው እንዲህ ያለ ማስረጃ አምጪ ካለ ጥፋቱ የባለሙያዋ ብቻ አይደለም፤ ማስረጃውን በዚህ መልክ የጠየቀው አሠራርም ጭምር ነው።

ጉዳቱም በአንዲት ሴት ላይ አያበቃም። ምሥጢር ወጣ የሚለው ወሬ ከመንደር መንደር ሲዞር ሌሎቹ ሴቶች በራቸውን ይዘጋሉ፤ ወይም እውነቱን ትተው የሚነገረውን ብቻ ይናገራሉ። ያን ጊዜ ታብሌቱ የተሟላ ቅጽ ይይዛል፤ እውነተኛ መረጃ ግን አይይዝም። የባለሙያዋ መብትና የቤተሰቡ ምሥጢር አንድ ገመድ ናቸው የሚባለው ለዚህ ነው። አንዱ ሲላላ ሌላውም ይላላል።

የባለሙያዋ ደኅንነትም ሊታሰብበት ይገባል። ብዙዎቹ ወጣት ሴቶች ናቸው፤ ብቻቸውን ረጅም መንገድ ይጓዛሉ። መገኛ ቦታቸውን የሚያሳይ መረጃ በጥቂት ኀላፊዎች እጅ ሆኖ ችግር ሲገጥማቸው ለመድረስ ከዋለ ጥበቃ ነው። ማንም ሊያየው በሚችል መንገድ ከተቀመጠ ግን፣ በተለይ ጸጥታ በታወከበት አካባቢ፣ አደጋ ይሆናል። ከሥራ ሰዓት ውጪ ታብሌቱን ቤቷ ይዛ የምትገባ ባለሙያ የማታ ውሎዋ የማንም ጉዳይ መሆን የለበትም።

ሕጉ ምን ይላል?

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የግል ሕይወት የመከበርና የመጠበቅ መብትን ይደነግጋል። በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎች የሚደረግ ግንኙነትም የማይደፈር መሆኑን ያሰፍራል። የወንጀል ሕጉ የጤና ሠራተኞችን ጨምሮ በሙያቸው ምክንያት ያወቁትን ምሥጢር የሚያወጡ ሰዎችን ይቀጣል።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ ጉዳዩን በቀጥታ የሚመለከት ሕግ ነው። አዋጁ የግል መረጃ ሲሰበሰብ ዓላማው የታወቀ እንዲሆን፣ ለዓላማው ከሚያስፈልገው በላይ እንዳይሰበሰብ፣ ትክክለኛነቱና ደኅንነቱ እንዲጠበቅ ያዝዛል። የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚያስፈልጋቸው መረጃዎች መካከል መድቦታል። ባለመረጃው ስለ ራሱ የተያዘውን የማወቅና ስሕተት ካለ የማስታረም መብት አለው። አፈጻጸሙን እንዲቆጣጠርና አቤቱታ እንዲቀበል ኀላፊነት የተሰጠውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

አዋጁ ባለመረጃ የሚለው ታማሚውን ብቻ አይደለም። የመገኛ ቦታዋና የሥራ ሰዓቷ የሚመዘገበው ባለሙያም ባለመረጃ ናት። ልዩነቱ ሕጉ በአዲስ አበባ መጽደቁና በጤና ኬላው ግድግዳ ላይ መነበቡ ላይ ነው። በወረዳው ያለው ኀላፊም፣ ባለሙያዋም፣ አርሶ አደሩም ሕጉን ካላወቁት መብቱ በወረቀት ላይ ይቀራል።

ከመሬት ልኬታው የሚገኝ ትምህርት

አርሶ አደሩ ከጂ.ፒ.ኤስ. ጋር የተዋወቀው በጤና አይደለም፤ በመሬት ነው። ለሁለተኛ ደረጃ የይዞታ ማረጋገጫ ማሳው ሲለካ መጀመሪያ ላይ ጥርጣሬ ነበር። ልኬታው ተቀባይነት ያገኘው ድንበርተኞች ባሉበት በመካሄዱ፣ ውጤቱም በቀበሌ ለሕዝብ ይፋ ሆኖ ቅሬታ ያለው እንዲያቀርብ ዕድል በመሰጠቱ ነው። ሰውየው ምን እንደተለካበት ያያል፤ ከተሳሳተ ይናገራል፤ በመጨረሻም ደብተሩ በእጁ ይገባል።

የጤና ሠራተኞች ክትትልም ይህንኑ መንገድ መከተል ይችላል። አንደኛ፣ ታብሌቱ ስለ ባለሙያዋ ምን እንደሚመዘግብ፣ ማን እንደሚያየውና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቀመጥ በጽሑፍ ይነገራት። ሁለተኛ፣ ስለ ራሷ የተመዘገበውን ራሷ ትይ፤ ኔትወርክ ጠፍቶ የዘገየ ሪፖርት በስንፍና ከተቆጠረባት የምታስረዳበት መንገድ ይኑር። ሦስተኛ፣ ቁጥር ብቻውን ለቅጣትም ለሽልማትም አይዋል፤ ወደ ቀበሌው ወርዶ ማየትና ማኅበረሰቡን መጠየቅ ይቅደም። አራተኛ፣ የታማሚ ስም የያዘ ማንኛውም ፎቶ በማኅበራዊ መገናኛ ቡድኖች እንዳይላክ ግልጽ ክልከላ ይውጣ። አምስተኛ፣ የመገኛ ቦታ ምዝገባ በሥራ ሰዓት ላይ ይወሰን።

ቤተሰቡም ሚና አለው። ባለሙያዋ ታብሌቷን ይዛ ስትመጣ ይህ የት ይሄዳል? ማን ያነበዋል? ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ጥያቄው ለባለሙያዋም ይጠቅማታል፤ ሕዝቡ የሚጠይቀውን ነገር ኀላፊውም መመለስ ይገደዳልና። በሌላ በኩል ጤና ኬላው ያለ ምክንያት ተዘግቶ ሲገኝ ለቀበሌው ጉባኤ ማቅረብ ከየትኛውም መሣሪያ የበለጠ ክትትል ነው። ማኅበረሰቡ የሚያየውን ያህል የሚያይ ታብሌት የለም።

ማሽላ ጠባቂው ማማው ላይ የሚወጣው ማሳውን እንዲያይ ነው። ቀኑን ሙሉ ባለማሳው አየኝ አላየኝ እያለ ወደ ኋላው የሚዞር ጠባቂ ዝንጀሮው ከፊት ሲገባ አያይም። ለጤና ሠራተኞች የተሰጠው መሣሪያም ዐይናቸውን ወደ እናቲቱና ወደ ሕጻኑ የሚመልስ እንጂ፣ ወደ ኋላ የሚያዞር እንዳይሆን ከአሁኑ መልክ ሊይዝ ይገባል።